የተጠረገችው ኮከብ

ፍንጭት የሚሏት የፊት ጥርሶቿ መሃል እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ስላላት ነው። ትክክለኛ ስሟማ ሌላ ነው፤ ግን በሱ የሚጠሯት አስተማሪዎች ብቻ ነበሩ፣ ትምህርቱ ደሞ አለቀ። አሁን በቃ ለሰፈሩም ለቤቱም ፍንጭት ናት። አትቀየምም። «ሳቄ ቶሎ እንዲወጣ የተተወ በር ነው» ትላለች።

ቤት ውስጥ ያሉት ሦስት ናቸው፦ እማዬ፣ እታለምና ፍንጭት። እታለም ታላቅ እህቷ ናት። የምትሰራው ፎቶ ቤት ነው፣ ጋሽ ፈገግ ጋ። ጋሽ ፈገግ ቀኑን ሙሉ «ፈገግ! ፈገግ በሉ እንጂ፣ ለቅሶ ነው እንዴ?» እያሉ ሲጮሁ ስለሚውሉ ነው ይሄ ስም የወጣላቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ሲስቁ ያየ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። እታለም ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ የሰው ፊት ትጠርጋለች። መጥረግ ሲባል በጨርቅ እንዳይመስላችሁ። ብጉር ታጠፋለች፣ ማዲያት ታጠፋለች፣ ሙሽራ ግንባር ላይ ያረፈ ዝንብ ሳይቀር ታጠፋለች። እጇ እንደሆነ ጉድ ነው። አንዴ እንደውም የአንዱን ሰውዬ ጉንጭ ስትጠርግ ማርያም የሳመችውን ምልክት አብራ ጠርጋበት፣ ሰውዬው ፎቶውን አይቶ «ይሄ እኔ አይደለሁም፣ ታናሽ ወንድሜ ነው» ብሎ ጥሎት ሄደ። ጋሽ ፈገግ ተናደዱ። እታለም ግን «ትንሽ ነገር ካየሁ እጄ ዝም አይልም፣ ምን ላርግ?» አለች።

ካሜራው የመጣውም ከዛው ፎቶ ቤት ነው። ጋሽ ፈገግ አንዴ ከእጃቸው የወደቀ አሮጌ ካሜራ ነበራቸው። በቀን ምንም አይልም፣ ደህና አድርጎ ያነሳል። ጨለማ ውስጥ፣ ረዘም አርጋችሁ ስትከፍቱት ግን አንድ የታመመ ነጥብ አለው። ወዴትም አዙሩት፣ የፈለጋችሁትን አንሱበት፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ ቁጭ ብላ ትጠብቃችኋለች። «ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበታል» ይላሉ ጋሽ ፈገግ። ፍንጭት ትምህርት ስትጨርስ «ከምጥለው አንቺ ውሰጂው፣ ሁለታችሁም ፍንጭት ናችሁ» ብለው ሰጧት። ከዛን ቀን ጀምሮ ካሜራው ትራስጌዋ ነው የሚያድረው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ከተማው ውስጥ የፎቶ ማሰልጠኛ አለ። በየዓመቱ ለሰው ሁሉ ክፍት የሆነ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃሉ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሁለት ፎቶ፣ አንድ ሐሳብ። ጥሩ ጥሩው ይሰቀላል፣ በመዝጊያው ቀን የማሰልጠኛው መምህርት ከተሰቀሉት መሃል አንድ ሰው ይመርጣሉ፣ ያ ሰው ዓመቱን ሙሉ እዛው ይሰለጥናል። አንድ ሰው ብቻ! እሱም ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው።

እታለም ሁለት ጊዜ ሞክራለች። ሁለቴም የሰው ፊት ነበር ያቀረበችው፣ ሁለቱም ጥርት ያለ፣ እንደ ሳህን የታጠበ። ባለፈው ዓመት መምህርቷ ፎቶዎቿን ሲመልሱላት «እጅሽ ንጹህ ነው የኔ ልጅ፣ ዓይንሽን ግን አላገኘሁትም» አሏት። እታለም ቤት ገብታ ሻወር ውስጥ ነው ያለቀሰችው፣ ውሃ ከፍታ፣ እንዳይሰማ። ግን ተሰማ። ፍንጭት በር ላይ ቆማ ፎጣ ይዛላት ነበር።

ስለዚህ ፍንጭት «ዘንድሮ እኔ ልሞክር?» ስትል መጀመሪያ የጠየቀችው እታለምን ነው። እታለም «ምን አነሳለሁ ብለሽ ነው?» አለቻት።

«አበባና ኮከብ።»

«ይሄማ ፖስት ካርድ ነው ሚጣዬ።»

«ቆይ ታያለሽ።»

ግቢያቸው ውስጥ በቀለም ባልዲ የተተከለች አበባ አለች። ስሟን ማንም አያውቅም፣ እማዬ «ያቺ ነጯ» ነው የምትላት። አንዷን ብቻ ለይታችሁ ብታዩዋት አምስት ጫፍ ያላት ቁርጥ ኮከብ ናት፤ ግን ብቻዋን አታብብም፣ ዘለላ ሠርታ፣ ተቃቅፈው ነው የሚወጡት። ሰማይ ላይ ደሞ ሰባቱ ከዋክብት አሉ፣ እነሱም እንደዛው ዘለላ ሆነው፣ እንደሚያወሩ ሴቶች ተጠጋግተው። ፍንጭት አንድ ቀን ባልዲዋ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጥርሷን እየፋቀች አበባዎቹን ስታይ፣ ከአንድ ጎን ሲያይዋቸው አቀማመጣቸው ልክ እንደነዛ እንደ ሰማዮቹ ሆነባት። ስድስቱ አብበዋል። ሰባተኛዋ ከታችኛዋ ትልቅ አበባ ጎን የተለጠፈች እምቡጥ ናት። ሰማይ ላይም እኮ እንደዛው ነው፣ ጫፍ ላይ ካለችው ትልቅ ኮከብ ስር ልጥፍ ያለች፣ ዓይኑ ጎበዝ የሆነ ሰው ብቻ የሚያያት ሚጢጢ ኮከብ አለች። መፋቂያዋን አፏ ውስጥ እንደሰካች ካሜራ ልታመጣ ሮጠች።

አበባዋን ሲመሻሽ ነው ያነሳቻት፣ ሁለቱም ፎቶ አንድ ዓይነት ጨለማ እንዲኖረው ብላ። የሰማዩ ግን መከራ አሳያት። ጣራው ላይ በብረት መሰላል ወጥታ፣ የውሃ ታንከሩ ላይ ሩዝ የሞላ ከረጢት ታስቀምጣለች፣ ካሜራውን እሱ ላይ ታስተኛዋለች። ብዙ ከከፈተችው ኮከቡ ይጎተትና ትል ይመስላል፣ ትንሽ ከከፈተችው ደሞ ሚጢጢዋ አትወጣም። በዛ ላይ የጎረቤት አምፖል! ጎረቤታቸው የበሯን መብራት ሲመሽ ታበራለች፣ ሲነጋ ታጠፋለች፣ በመሃል ብትለምኗት ወይ ፍንክች።

«ለአንድ አፍታ ብቻ እትዬ፣ ፎቶ ላነሳ ነው።»

«እናንተ ሰማይ ስታንጋጥጡ እኔ ልዘረፍ? እንኳን አምፖሌን ዓይኔንም አልጨፍን!»

ያኔ እታለም ናት የደረሰችላት። ትልቁን አንሶላ ይዛ ጣራ ላይ ወጣች፣ ወደ ጎረቤት ዞራ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ አንሶላውን እንደ ግድግዳ ያዘችው። ብርሃኑ ጠፋ። ፍንጭት አንድ ታነሳለች፣ ታያለች፣ ታጠፋለች፣ ደግማ ታነሳለች።

«እጄ ተቆረጠ!»

«አንዴ፣ እታለሜ፣ አንዴ ብቻ!»

«አንዴ ያልሽው ስንተኛ አንዴ ነው? ሰው ልብስ ማስጫ ገመድ ሆኖ ይቀራል?»

እየሳቁ፣ እየተሰዳደቡ፣ በመጨረሻ ወጣች። ሰባቱም ቁጭ፣ ሚጢጢዋም ቁጭ። እርግጥ የካሜራው ሞራም እንደ ልማዷ መሃላቸው ገብታ ስታበራ ነበር፣ ከእውነተኞቹ እኩል። ፍንጭት አላሳሰባትም። እሷን የሚጠርግ እጅ ቤት ውስጥ አለ።

ማስረከቢያው ሲደርስ ፍንጭት ቶንሲል ያዛት። ያውም እንዴት ያለ! ምራቋን መዋጥ አቅቷት፣ ትኩሳቱ እያንዘፈዘፋት ተኛች። እታለም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ግንባሯን ዳሰሰቻት።

«የካሜራውን ካርድ ስጪኝ። እኔ አትሜ፣ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ አደርስልሻለሁ። አንቺ ተኚ።»

«አንዷ ግን… ኮከብ አይደለችም። እሷን ጥረጊልኝ። አበባዋ ላይም አለች።»

«የትኛዋን?»

ፍንጭት ግን እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ስትድን ካርዱ ባዶ ሆኖ ተመለሰላት። «የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ቫይረስ በላው፣ ይቅርታ» አለች እታለም፣ «ደግነቱ ካተምኩት በኋላ ነው።» ፍንጭት ትንሽ ከፋት፣ ግን ምን ይደረጋል፣ ቫይረስ ዘመድ አያውቅም። ከዛ ስልክ መጠበቅ ጀመረች። ሻወር ስትገባ ስልኩን ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ታደርገዋለች። በመጨረሻ እታለም አንድ ማታ እራት ላይ፣ ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተክላ «የተመረጡት ስም ተለጥፏል። ያንቺ የለበትም ሚጣዬ» አለቻት።

እማዬ ከራሷ ሳህን ላይ አንስታ ለፍንጭት ጨመረችላት። «አይዞሽ፣ ለከርሞ» አለች። ፍንጭት በላች፣ ማልቀሱንም ለብቻዋ ጨረሰችው። አያችሁ፣ በሰዓቱ ደስ ያላት እንደውም ያ ነበር፣ እናቷ ከሳህኗ ማንሳቷ።

ከዛ አንድ ቀን እማዬ ለእታለም ምሳ አድርሺላት ብላ ላከቻት። እታለም ውጪ ነበረች። ጋሽ ፈገግ በር ላይ ወንበራቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ገና ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«እህትሽ ጉድ አደረገችን! ሰማሽ አይደል? ፎቶዋ እኮ ተሰቀለ! ነገ መዝጊያው ነው፣ ሱቁን ዘግቼ ነው የምሄደው!»

«የምን ፎቶ?» አለች ፍንጭት።

«አበባዋና ኮከቦቹ ነዋ! ስድስት ዓመት ሙሉ ብጉር ስታጠፋ፣ ለካ ልጅቷ ሰማይ ሰማይ ታይ ኖሯል!»

ፍንጭት የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። በጥንቃቄ ነው ያስቀመጠችው፣ እንቁላል ይመስል። «እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ» አለችና ወጣች። እስከ ቤት እንዴት እንደሄደች አታውቅም። ሰው ሰላም ሲላት «ደህና፣ ደህና» ስትል ብቻ ይሰማታል።

እማዬ ከገመድ ያወረደችውን ልብስ አልጋ ላይ ከምራ እያጣጠፈች ነበር።

«እማዬ፣ ፎቶዬ ተሰቅሏል።»

የእማዬ እጅ አልቆመም። እሱ ነው ፍንጭትን የገደላት። የማያውቅ ሰው እኮ «የት? እንዴት?» ይላል፣ ደንግጦ ይዞርባችኋል። እማዬ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ውስጥ አጥፋ፣ ኮሌታውን አስተካክላ፣ ከዛ ነው አፏን የከፈተችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ነገረሽ? ማን ነገረሽ ነው ያልሽኝ?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ታውቂ ነበር!»

«ቁጭ በይና ስሚኝ። እህትሽ ሃያ አምስት ሊሞላት ነው፣ ዘንድሮ ካለፋት አለቀላት፣ አይቀበሏትም። አንቺ ገና ጮርቃ ነሽ፣ ገና ስንት ዓመት አለሽ! ለከርሞ ሌላ ታነሺያለሽ። ኮከቡ እንደሆነ አያልቅ፣ አበባውም ግቢያችን ውስጥ ነው።»

«ታምሜ ሾርባ ስታጠጪኝ ታውቂ ነበር?»

እማዬ ሸሚዙን ፈታችው። እንደገና አጠፈችው።

«ስልኩን ሻወር ቤት ይዤ ስገባስ? ስትስቂብኝ ነበር እኮ! ‹ስልክሽን ሳሙና እንዳትቀቢው› ስትይኝ፣ ያኔም ታውቂ ነበር?»

«እናት መሆን እንዲህ ነው» አለች እማዬ፣ ቀስ ብላ። «የቱ ጣቴ ይቆረጥ ብሎ እንደ መምረጥ ነው።»

«የትኛው ጣት እንደሆንኩማ አየሁት» አለች ፍንጭት።

እታለም ማታ ስትገባ ነገሩ እንደፈነዳ ቀድሞ ገብቷታል፤ የምሳ ዕቃውን ራሷ አጥባ ይዛ ነው የመጣችው፣ አጥባ አታውቅም። መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ ሁለቱ አልጋዎች መሃል ቆማ ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

«ልነግርሽ ነበር። ካለቀ በኋላ።»

«ካርዱስ? ቫይረሱ አንቺ ነሽ?»

እታለም ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች።

«ፎቶዬን ሰረቅሽ እሺ። ሌላ እንዳላትም፣ ማሳያ እንዳይኖረኝ ካርዱን ባዶ ያረግሽው… ይሄን ቁጭ ብለሽ አስበሽበት ነው አይደል? ተኝቼ ሳለ?»

«እኔ አንሶላውን ባልይዝ ፎቶ የሚባል ነገር አልነበረም! እጄ እስኪደነዝዝ!»

«እንዲህ ካልሽማ ጎረቤትም አምፖሏን ይዛ ትምጣና ትካፈለን።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። እታለም አልጋዋ ላይ ዘጭ አለች። «ላንቺ ቀላል ነው» አለች። «ቀና ትያለሽ፣ ታገኛለሽ። እኔ ስንት ዓመት ጎንበስ ብዬ ነው። ‹ዓይንሽን አላገኘሁትም› ነው ያሉኝ ሴትዮዋ። ታውቂያለሽ እሱ ምን እንደሚያረግ?»

«አውቃለሁ» አለች ፍንጭት። «ፎጣ ይዤልሽ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ፍንጭት ወደ ኤግዚቢሽኑ ሄደች። ለመጣላት አልነበረም፣ እውነቷን ነው። ፎቶዋ ግድግዳ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ብቻ ነው። ካሜራውን ለምን ቦርሳዋ ውስጥ እንደከተተችው ግን ብትጠየቅም አታውቀውም።

አዳራሹ ነጭ በነጭ ነው፣ ፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ውሃ በትንንሽ ጠርሙስ ቀርቧል። እማዬ ፊት ወንበር ላይ ናት፣ ለትልቅ ቀን የምታስቀምጠውን ሻርፕ አድርጋ። ጋሽ ፈገግ ከኋላ ቆመዋል፣ ዛሬ ደሞ ክራባት አስረዋል። እታለም ፎቶዎቹ ስር ቆማ ጣቶቿን ትቆልፋለች፣ ትፈታለች።

ፍንጭት በሰው ትከሻ መሃል ተንጠራርታ አየች። አበባዋ በግራ፣ ሰማዩ በቀኝ፣ ትልልቅ ሆነው። ለአንድ ሰከንድ ሁሉንም ረሳች። ከዛ ሚጢጢዋን ፈለገች። የለችም።

ደግማ ፈለገች። ትልቋ ኮከብ አለች፣ ስሯ ግን ባዶ ጨለማ ነው፣ ጥርግ ያለ። የካሜራው ሞራ ግን በስተቀኝ፣ ከፍ ብላ፣ እንደ ንግሥት ታበራለች። ገባት። አበባው ላይ ነጥቧ አበባ ስለማትመስል ወዲያው ተጠርጋለች፤ ሰማዩ ላይ ግን ኮከብ መሰለች። እታለም ሰባት መሆናቸውን ታውቃለች፣ ስትቆጥር ስምንት ሆኑባት። አንዷ ውሸት ናት ተብላለች። የትኛዋ ናት? መቼም ፊት ላይ የሚጠረገው ትንሿ ነገር ነው። ጠረገቻት። ሰባት ሞላላት።

መምህርቷ መነፅራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አጭር ሴት ናቸው። ፎቶ በፎቶ እየቆሙ፣ ያነሳውን ሰው እየጠየቁ መጡና እታለም ጋ ደረሱ።

«እነዚህን በጣም ነው የወደድኳቸው» አሉ። «አበባዎቹ በሙሉ ኮከቦቹ የተቀመጡበት ቦታ ቁጭ ቁጭ ብለዋል። ይሄን ለማየት ዓይን ይጠይቃል።»

የእታለም ፊት ቀላ። ዓይን አሏት እኮ!

«ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ይቺ እምቡጥ ሰማይ ላይ ጓደኛ የላትም። ሰማይ ላይ ደሞ ይቺ ኮከብ አበባ የላትም። እንዲያውም ይቺን ኮከብ እኔ አላውቃትም። ሆን ብለሽ ነው?»

«አዎ» አለች እታለም። «ሆን ብዬ ነው።»

«ምን ለማለት?»

«ልዩነቱን… ልዩነቱን ለማሳየት።»

«የምኑን ልዩነት?»

አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው «ዘመናዊ ጥበብ ነዋ መምህር፣ አይጠየቅም!» አለና ሰው ሳቀ። እታለም አልሳቀችም። መምህርቷም አልሳቁም፣ እየጠበቁ ነው።

ፍንጭት እናቷን አየቻት። እማዬም በሰው መሃል አግኝታት፣ አይታታለች። እማዬ ጭንቅላቷን ወዘወዘች፣ ትንሽ ብቻ፣ ሰው በማያውቀው ልክ። እንዳትናገሪ። ልጅ እያለች እንግዳ ፊት ስታስቸግር የምታያት አስተያየት ነው፣ ቁርጥ እሱ። ፍንጭት እስከዛ ሰዓት ድረስ ምናልባት ዝም ትል ነበር። አንዴ እንኳን «ይቅርታ ልጄ» በሚል ዓይን ብታያት፣ ምናልባት ፎቶውን አይታ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር።

«እሷ ኮከብ አይደለችም» አለች ፍንጭት።

ሰው ዞረ። ድምጿ ቶንሲሉ ገና ያልለቀቃት ይመስል ነበር።

«ምን አልሽ የኔ ልጅ?» አሉ መምህርቷ።

«ኮከብ አይደለችም። የካሜራዬ በሽታ ናት።» ቦርሳዋን ከፍታ አወጣችው። «ክዳኑን አላነሳሁትም፣ እዩ። ምንም አያይም፣ ዝግ ነው።» ተጫነችው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንደ ኮከብ አንሺ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፣ አቤት ሲረዝም። ቀጭ አለ። ፍንጭት ስክሪኑን አዞረችላቸው።

ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ነጭ ነጥብ።

መምህርቷ መነፅራቸውን አደረጉ። ስክሪኑን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ።

«ሞራዋ!» ብለው ጮሁ ጋሽ ፈገግ ከኋላ። «የኔ ካሜራ ናት እኮ፣ ሞራዋን የት ባያት አውቃታለሁ! ለፍንጭት ነው የሰጠኋ…» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቆይተው ነው የገባቸው፣ ምስኪን። ክራባታቸውን ፈቱት።

«የጠፋችውስ?» አሉ መምህርቷ። «የእምቡጧ ጓደኛ?»

«እዛ ጋ ነበረች። ከትልቋ ስር። እኔ ሳነሳት ነበረች።»

እታለም ግድግዳው ላይ ያለውን ጥርግ ያለ ጨለማ ዞራ አየችው። እስከዛች ደቂቃ ድረስ የት ጋ እንደሳተች አታውቅም ነበር። እጇን አንስታ ፎቶውን ነካችው፣ ብጉር እንደምትዳብስ፣ በአንድ ጣት። ከዛ ቦርሳዋን ሳታነሳ ወጣች።

መምህርቷ ፎቶዎቹ ስር የተለጠፈውን የስም ወረቀት ራሳቸው ላጡት። አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። «ሰኞ ጠዋት ነይ» አሏት ፍንጭትን። «ካሜራሽንም ይዘሽ፣ ከነሞራው።» አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ፣ ከዛ ደግ እንዳልሆነ ገብቷቸው ተዉት።

ስንት ጊዜ ያለመችው ነገር እኮ ነው! በሕልሟ ግን ሁሌ ሲጠሯት የምትሮጠው ወደ ፊት ወንበር ነበር፣ እማዬ ላይ ለመጠምጠም። እማዬ የእታለምን ቦርሳ ከወለል አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ በፍንጭት አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

«በሰው ፊት» አለች። «እህትሽን በሰው ፊት።»

ቦርሳውን ብብቷ ስር ሸጉጣ እታለምን ተከትላ ወጣች።

ወደ ቤት ሲሄዱ እማዬና እታለም ከፊት ናቸው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ እንደታመመ ሰው ቀስ እያሉ። ፍንጭት ከኋላ ካሜራዋን አቅፋ። ልትደርስባቸው ትችል ነበር፤ ሲዘገዩ እሷም ትዘገያለች። ባለአምፖሏ ጎረቤት በር ላይ ቆማ «እንዴት ነበር? አሸነፋችሁ?» አለቻቸው። ማንም አልመለሰላትም።

ማታ መብራት ጠፍቶ ሁለቱም አልጋቸው ላይ ናቸው። ፍንጭት ወደ ግድግዳው ዞራለች። ለእራት ማንም አልጠራትም፣ እሷም አልወጣች። እታለም ስትገላበጥ አልጋው ይጮሃል፣ ዝም ይላል፣ ይጮሃል።

«ፍንጭት።»

ዝም።

«እንዳልተኛሽ አውቃለሁ። አተነፋፈስሽን አውቀዋለሁ።» ድምጿ ከአፍንጫዋ ነው የሚወጣው፣ ስታለቅስ ነበር። «ያቺ ኮከብ… በእውነት አለች? በዓይን ትታያለች?»

ፍንጭት ያኔ ነው ትዝ ያላት። ለካ እታለም አላየቻትም። ያን ሁሉ ጊዜ ጣራው ላይ አንሶላውን ዘርግታ ስትቆም ፊቷ ወደ አምፖሉ ነበር፣ ሰማዩን በጀርባዋ ነው የያዘችው። አንዴም ዞራ አላየችም። አንዴም ደሞ ፍንጭት «ነይ እዪ» አላለቻትም።

«ውጪና እያት» አለች ፍንጭት፣ ከግድግዳው ሳትዞር።

እታለም ብርድ ልብሷን ጎትታ፣ በባዶ እግሯ ወጣች። በሩ ተከፈተ። የብረት መሰላሉ ደንግ፣ ደንግ፣ ደንግ አለ፣ ጣራው ላይ ቆርቆሮው ተንኳኳ፣ ከዛ ጸጥ።

ፍንጭት ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበችው። ከአዳራሹ ሲመለሱ ቀና ብላ አይታ ነበር፣ ልማዷ ነው። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ደመና ነው።